የድንጋይ ከሰል ቦይለር ጭስና የድኝ ሽታ፦ ጭስ ማውጫን ማስረዘም ምን ይፈታል?

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሳሙና ፋብሪካ የቴክኒክ ኃላፊ ነኝ። በሰዓት 2 ቶን እንፋሎት የሚሰጠው ቦይለራችን ቀድሞ በከባድ ጥቁር ናፍጣ ይሠራ ነበር። ነዳጁ ሲወደድና ሲጠፋ፣ በአካፋ እየተጨመረ ፍርግርግ ላይ ወደሚነድ የአገር ውስጥ የድንጋይ ከሰል ቀየርነው። በቀን 8 ሰዓት ሠርተን ወደ 30 ኩንታል እናነዳለን። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ጭስ፣ እንደ ተጫረ ክብሪት ያለ ሽታ እና በጎረቤት ልብስ ላይ የሚያርፍ ብናኝ ሰላም ነሥቶናል። አንዱ ጭስ ማውጫውን 6 ሜትር አስረዝሙት ይላል፤ ሌላው ከሰሉ ላይ ውኃ አርከፍክፉ ይላል፤ ሦስተኛው ኖራ ቀላቅሉበት ይላል። የትኛውን እናድርግ? ሠራተኞችም ትርፍራፊውን ለቤት ማብሰያ እየወሰዱ ነው፤ ጉዳት ይኖረዋል?»

ምላሽ፦ ጠያቂው የዘረዘሯቸው ሦስት ነገሮች ከአንድ ጭስ ማውጫ ስለሚወጡ አንድ ችግር ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጥቁሩ ጭስ ሳይነድ ያመለጠ ነዳጅ ነው። የክብሪቱ ሽታ፣ ከሰሉ ከመሬት ሲወጣ ይዞት የመጣው ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ ተቃጥሎ የፈጠረው ጋዝ ነው። ልብስ ላይ የሚያርፈው ደግሞ በአብዛኛው አመድ ሲሆን የሚያጠቁረው ጥላሸቱ ነው። የመጀመሪያው በአነዳድ ይታረማል፤ ሁለተኛው በግዥ ጊዜ ይወሰናል፤ ሦስተኛው ማጣሪያ ይፈልጋል። ከቀረቡላችሁ ሦስት ምክሮች አንዳቸውም እንደ ተባሉት ቢፈጸሙ ሦስቱንም ቀርቶ አንዱን እንኳ በቅጡ አይፈቱም።

በቅድሚያ አንድ የስም መምታታት ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ከሰል» ስንል በልማድ የምናስበው ከእንጨት የሚከሰለውን፣ ማንደጃ ላይ ቡና የምናፈላበትን ነው። ያ ከሰል ጭሱን አክሳዩ ዘንድ ጥሎ የመጣ ነው፤ አፈር ተደፍኖበት ሲብላላ በሰነበተበት ቦታ አብዛኛው ተናኝ ነገሩ ወጥቶ አልቋል፣ የቀረው በአመዛኙ ካርቦን ብቻ ነው። የድንጋይ ከሰል ግን ያንን ሁሉ በሆዱ እንደ ያዘ ወደ እቶን ይገባል፤ በተለይ እንደ አገራችን ያለው ለጋ የድንጋይ ከሰል እርጥበቱና አመዱ ሳይቆጠር ከክብደቱ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ሲሞቅ ወደ ጋዝና ሬንጅ መሰል ተን የሚለወጥ ነው። ብዙ ኦፕሬተሮች ማንደጃ ላይ የለመዱትን ይዘው ከሰሉን ከምረው ፍም እስኪሆን ይጠብቃሉ። የችግሩ ግማሽ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አካፋው ሲገለበጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ቦይለር ፊት ቆሜ ሰዓት ይዤ ተመልክቻለሁ። ኦፕሬተሩ የእቶኑን በር ከፍቶ ስድስት አካፋ በአንድ ጊዜ ሲደፋ ቀይ የነበረው ፍም ወዲያው ጠቆረ፤ በሩ ተዘግቶ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከጭስ ማውጫው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ጭስ መትጎልጎል ጀመረ፤ አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሳሳ፤ ከዚያም እስከሚቀጥለው ጭማሪ ድረስ ምንም የማይታይ ሆነ። የሆነው ይህ ነው፦ አዲሱ ከሰል ከ350 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ ተናኙን በአንድ ጊዜ ለቀቀ፤ ያንን ሁሉ ለማቃጠል የሚበቃ ኦክስጅን ከፍሙ በላይ አልነበረም፤ ከታች የሚነፍሰው አየር ኦክስጅኑን ፍሙ ውስጥ ሲያልፍ ጨርሶታል። ተኑ በሙቀት እየተሰነጣጠቀ ጥላሸት ሆነ፤ ጥላሸቱም ሳይነድ ቀዝቃዛው የቦይለር ቱቦ ጋ ሲደርስ ነበልባሉ ጠፋና ወደ ውጭ ወጣ። የእናንተም ጭስ አካፋ በተጨመረ ቁጥር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ መንስኤው ይኸው ነው፤ ያለማቋረጥ የሚጨስ ከሆነ ግን በጠቅላላው አየር አጥሯችኋል ማለት ነው።

አየር ማጠሩ ጎረቤትን ከማስከፋቱ በፊት ፋብሪካውን ያከስራል። 1 ኪሎ ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን 33 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ መንገድ ላይ ቀርቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን ግን የሚሰጠው 9 ሜጋ ጁል ገደማ ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። ስለዚህ ጭስ ማውጫው «ጠራ» ማለት ነዳጁ በሙሉ ነደደ ማለት አይደለም፤ የድኙ ጋዝም ቀለም የለውም። በብርድ ጠዋት የሚታየው ነጭ ጭስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የከሰሉ እርጥበት ተን ስለሆነ ከጥቁሩ ጋር አንድ ላይ መታማት የለበትም።

እዚህ ላይ አዳማ የራሷ የሆነ ጣጣ አላት፤ ቦይለር ሻጮች ግን ሲያነሡት አልሰማሁም። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯም ባህር ጠረፍ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። 1 ኪሎ ግራም ካርቦን በሙሉ ለመንደድ 11.5 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ይህ በሞቃት ቀን ባህር ጠረፍ ላይ ወደ 10 ሜትር ኩብ ሲሆን አዳማ ላይ ወደ 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። ማራገቢያ የሚገፋው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለምና፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው መጠን ለባህር ወለል የተሰላ ከሆነ እዚህ የሚያቀርበው ኦክስጅን ከሚገባው ያነሰ ነው። የናንተ ማራገቢያ ደግሞ ለናፍጣ የተገዛ ነው፤ ናፍጣ እንደ ጉም ተረጭቶ ከአየር ጋር በደንብ ስለሚቀላቀል ከሚያስፈልገው ብዙም ያልበለጠ አየር ይበቃዋል። ፍርግርግ ላይ የሚነድ ከሰል ግን ከስሌቱ በላይ ከ30 እስከ 60 በመቶ ትርፍ አየር ይጠይቃል። ሁለቱን ስትደምሩት ማራገቢያው ባይበቃችሁ የሚያስገርም አይደለም።

መፍትሔው ግን ትልቅ ማራገቢያ ገዝቶ ከታች መንፋት ብቻ አይደለም። ከታች ሲበዛ አየሩ ደቃቁን ከሰልና አመዱን እያነሣ ይበትነዋል፤ ትርፉም እቶኑን አቀዝቅዞ ሙቀቱን በጭስ ማውጫ ይዞት ይሄዳል። የሚያስፈልገው ከጠቅላላው አየር አምስተኛውን ያህል ከፍሙ በላይ፣ በጠባብ አፍንጫዎች በኩል፣ በኃይል ማስገባትና ተኑ ቱቦ ሳይነካ በፊት ተበጥብጦ እንዲነድ ማድረግ ነው። ይህንን የሚሠራ ብየዳ ቤት አዳማ ውስጥ አይጠፋም፤ የቀዳዳውን መጠንና አቅጣጫ የሚያሰላ መሐንዲስ ግን ይኑርበት፤ የግፊት አካል በሆነው የቦይለሩ ቆርቆሮ ላይ በግምት ቀዳዳ መብሳት ሕይወት ያጠፋል። ከዚህ ጋር አጨማመሩ ይለወጥ፦ ስድስት አካፋ በአንድ ጊዜ ከመድፋት ሁለት ሁለት አካፋ ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ፣ ስስ አድርጎ መበተን። አንዱ ወገን ሲጠቁር ሌላው ነበልባል ስለሚኖረው አዲሱን ተን ያቀጣጥለዋል። ከሰሉም በወንፊት ተነፍቶ ይግባ፤ ዱቄቱ የአየሩን መተላለፊያ ይደፍናል፣ እንደ ጡብ የገዘፈውም እምብርቱ ሳይነድ ከአመድ ጋር ይወጣል። ሥራው መስመር መያዙን በዓይን ሳይሆን በጋዝ መለኪያ አረጋግጡ፤ በጭስ ማውጫው ውስጥ ኦክስጅኑ 7 በመቶ ገደማ ሆኖ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዝቅ ካለ ጥሩ ላይ ናችሁ። ይህ ሁሉ ጥቁሩን ጭስ በአብዛኛው ያስቀረዋል፣ የከሰል ወጪም ይቀንሳል።

ውኃ ማርከፍከፍ ፈጽሞ መሠረት የሌለው ምክር አይደለም። ዱቄት የበዛበትን ከሰል በጥቂቱ ማርጠብ ደቃቁን እርስ በርሱ አያይዞ እንዳይበንን ያደርገዋል፤ ጥቅሙ ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ውኃው የሚተነው ከከሰሉ በወሰደው ሙቀት ነው፤ ለ1 ቶን ከሰል 1 ኩንታል ውኃ ብታፈሱ ያንን ለማትነን ብቻ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ከሰል ይነድዳል፣ ፍሙም ቀዝቅዞ ጭሱ ይብሳል። የአገር ውስጥ ከሰል እርጥበቱ አስቀድሞ የበዛ ስለሆነ ከመርጨት ይልቅ ጣራ ሥር አድርጋችሁ አድርቁት።

ወደ ድኙ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ድኝ የፈለገውን ያህል አሳምራችሁ ብታነዱት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከመሆን አይመለስም፤ እንዲያውም አነዳዱ ሲሻሻል ይበልጥ ተሟልቶ ይቃጠላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ኪሎ ግራም ድኝ 2 ኪሎ ግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የምትገዙት ከሰል 2 በመቶ ድኝ አለው ብንል፣ በቀን ከምታነዱት 30 ኩንታል ውስጥ 60 ኪሎ ግራሙ ድኝ ነው፤ ከአመድ ጋር ከሚቀረው ጥቂት በስተቀር 120 ኪሎ ግራም ገደማ ጋዝ ሆኖ በየቀኑ ሰፈሩ ላይ ይወጣል። ይህ ጋዝ የመተንፈሻ አካልን ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያንቃል፣ አየር ላይ ሲቆይም ወደ ሰልፈሪክ አሲድና በሳንባ ዘልቆ ወደሚገባ ደቃቅ ቅንጣት ይለወጣል።

«ሲሚንቶ ፋብሪካዎችስ ያንኑ ከሰል ያነዱት የለ?» የሚል ክርክር ደጋግሞ ይመጣል። ያነዳሉ፤ ነገር ግን የእነርሱ እቶን በኖራ ድንጋይ ዱቄት የተሞላ ነው። ድኙ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ክሊንከር በሚባለው፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ በሚሆነው የእቶኑ ውጤት ውስጥ ይቀራል፣ የከሰሉ አመድም ራሱ የሲሚንቶው ጥሬ ዕቃ አካል ይሆናል። ለሲሚንቶ እቶን የሚመች ከሰል ለቦይለር ላይመች የሚችለው ስለዚህ ነው፤ ሻጩ «ለሲሚንቶ የምናቀርበው ነው» ሲላችሁ ያንን የጥራት ማረጋገጫ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ታዲያ እኛስ ኖራ ብንቀላቅል? ኬሚስትሪው ትክክል ነው፣ ቦታው ግን አይደለም። ኖራ ድኝን በደንብ የሚይዘው ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ ከጋዙ ጋር በደንብ ሲተሻሽ ነው፤ አሸዋ በአየር እየፈላ በሚያነድበት ዓይነት ቦይለር ውስጥ ይህ ስለሚሟላ እዚያ ጥሩ ይሠራል። በናንተ ፍርግርግ ላይ ግን ፍሙ ከዚያ እጅግ ይግላል፤ ኖራው ቆዳው ተዘግቶ ሥራ ይፈታል፣ የተያዘውም ድኝ መልሶ ይለቀቃል፣ ከአመዱ ጋር ቀልጦም ፍርግርጉን የሚደፍን ድንጋይ ይሠራል። ኖራ የሚያስፈልገው ከእቶኑ በኋላ ነው፤ ጭሱ በኖራ ውኃ ሻወር ውስጥ ሲያልፍ በደንብ የተሠራ ማጠቢያ ከድኙ ጋዝ 90 በመቶውን መያዝ ይችላል። ዋጋውን ግን አስሉት፦ ከላይ ለተጠቀሰው 60 ኪሎ ግራም ድኝ፣ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ በቀን 1 ኩንታል ገደማ ኖራ ይጠፋል፤ በምላሹ የጀሶ ጭቃ ይወጣል፣ እርሱም መጣያ ይፈልጋል፣ ውኃውም ወደ ቦይ ሊለቀቅ አይገባም።

ከሰልን አስቀድሞ ማጠብም አንድ መንገድ ነው፤ አመዱንና ፓይራይት የሚባለውን፣ ወርቅ መስሎ ብልጭ የሚለውን ከባድ ማዕድን ይቀንሳል። ከካርቦኑ ጋር በኬሚካል ተሳስሮ ያለውን ድኝ ግን ውኃ አያወጣውም፤ «የታጠበ ከሰል ነው» የሚል ቃል ስለ ድኙ በራሱ ምንም አያረጋግጥም።

ስለ ብናኙ አጭር ስሌት ይብቃ። አመዱ 20 በመቶ ቢሆን በቀን 600 ኪሎ ግራም አመድ አላችሁ፤ አምስተኛው በአየር ቢነሣ ከ1 ኩንታል በላይ ብናኝ በሰዎች ልብስ፣ ጣራና ሳንባ ላይ ይራገፋል። ሳይክሎን የሚባለው፣ ጭሱን እያሽከረከረ አመዱን የሚያወርደው ጉርድ በርሜል መሰል ዕቃ ርካሽ ነው፤ የሚይዘው ግን ሸካራውን ነው። ዓይን የማያየው፣ ለጤና የሚከፋው ደቃቅ ያልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቁ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ መጠን በ1 ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮ ግራም ነው፤ ይህን ያህል ጥቂት ነገር የሚያሳስብ ከሆነ ሳይክሎን ብቻውን በቂ እንደማይሆን ግልጽ ነው። ጭሱን በጨርቅ ከረጢት ውስጥ የሚያሳልፈው ከረጢት ማጣሪያ ግን ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። ጥንቃቄው ሙቀቱ ላይ ነው፦ ተራው የፖሊስተር ከረጢት ከ130 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ጭሱ ደግሞ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ የድኙ አሲድ እንደ ጤዛ እየወረደ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ፋይበርግላስ ወይም ተመሳሳይ ሙቀት ቻይ ከረጢት ይገዛ፤ ብልጭታ እንዳያቃጥለውም ሳይክሎኑ ከፊቱ ይሁን።

አሁን ስለ ጭስ ማውጫው። ማስረዘም ጭሱን ወደ ላይ የመሳብ ኃይሉን ትንሽ ይጨምራል፤ ከደጃፋችሁ ያለው ሽታም ሊቀንስ ይችላል። ከሚወጣው ግን አንዲት ግራም አይቀንስም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 ለንደን በከሰል ጭስና በጉም ታፍና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሞቱ በኋላ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ ጭሱን ከቤት በር ማራቅ ተቻለ፤ ከረዣዥም የኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች የወጣው ድኝ ግን ባህር ተሻግሮ በስካንዲኔቪያ ሐይቆች ላይ የአሲድ ዝናብ ሆኖ ወረደ። የናንተ 6 ሜትር ኖርዌይ አያደርስም፤ ቀጣዩ ቀበሌ ግን ያደርሳል። በአዳማ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ 51 ሜጋ ዋት እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች የተተከሉትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ነፋሱ በሚያርፍበት ሰማዩ በጠራ የበጋ ሌሊት መሬቱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር እንደ ክዳን ከታች ተኝቶ ያድራል። ቦይለሩን ንጋት ላይ የምትለኩሱ ከሆነ፣ እጅግ የሚጨሰው የማቀጣጠያ ሰዓት ከዚያ ክዳን ጋር ይገጣጠማል። ፀሐይ ወጥታ አየሩ እስኪንቀሳቀስ መለኮሱን ማዘግየት ከ6 ሜትር ቆርቆሮ የተሻለ ይጠቅማል፣ ወጪም የለውም።

የናይትሮጅን ኦክሳይዶችና በከሰል ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙት እንደ ሜርኩሪ ያሉ ብረቶች በራሳቸው ሰፊ ርዕሶች ናቸው። በናንተ ልክ ባለ ቦይለር ግን ቅድሚያ የሚሰጣቸው አይደሉም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ለጭስ ማውጫው የያዛችሁትን ገንዘብ አታውጡ። ቀጣዩን የከሰል ጭነት ከመግዛታችሁ በፊት ናሙናው በላቦራቶሪ ተመርምሮ እርጥበቱ፣ አመዱ፣ ተናኙና ድኙ በቁጥር ይቅረብላችሁ፤ ድኙ ከ1 በመቶ ከበለጠ አትግዙ፤ ይህንንም በውሉ ውስጥ አስገቡ፤ እያንዳንዱ ጭነትም ይመርመር፤ የአንዱ ጉድጓድ ከሰል ከጎኑ ካለው ሊለይ ይችላልና። የላዩን አየርና አጨማመሩን በዚህ ወር አስተካክሉ፤ ሳይክሎኑንና ከረጢት ማጣሪያውን በዓመቱ በጀት ውስጥ አስገቡ። ዝቅተኛ ድኝ ያለው ከሰል በአስተማማኝ ካላገኛችሁ፣ ቤቶች መካከል ላለ ፋብሪካ ከኖራ ማጠቢያ ይልቅ ከከሰል መውጣትን እመርጣለሁ። በኤሌክትሪክ ቢሆን 2 ቶን እንፋሎት 1.4 ሜጋ ዋት ገደማ ይጠይቃል፤ መስመሩና ትራንስፎርመሩ የሚችል መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከቡና ገለፈት ተጨምቆ የሚሠራ ብሪኬት፣ ማለትም ጠጣር የነዳጅ ጡብ፣ ድኙ እጅግ ያነሰ ነው፤ አመዱ ግን በቀላሉ ስለሚቀልጥ ፍርግርጉ ላይ ይጣበቃል፣ የብናኝ ማጣሪያውንም አያስቀርም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው ከተቀመጠው ደረጃ አልፎ አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ ነዳጅ መቀየራችሁን ለሚመለከተው የከተማው መሥሪያ ቤት ጎረቤት ከመክሰሱ በፊት ራሳችሁ ብታሳውቁ ይሻላል።

ስለ ሠራተኞቹ ያነሡት ግን ወር የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም፤ ዛሬውኑ ይቁም። የድንጋይ ከሰል በማንደጃ ላይ፣ በተለይ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ከድኙ ጋዝ ሌላ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። የእንጨት ከሰልም ያደርገዋል፤ የድንጋዩ ግን ፍሙ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ «ጠፍቷል» ተብሎ አጠገቡ ይተኛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ትርፍራፊውን በቁልፍ አስቀምጡ፤ ሠራተኞቹ የሚወስዱት ለከሰል መግዣ ስላጠራቸው ከሆነም፣ ፋብሪካው ከክልከላው ጋር ሌላ ማብሰያ የሚያገኙበትን ነገር አብሮ ያስብበት።